ጅራት ያለው ጎተራ

ግሮኒንገን ማለዳ፣ ጭጋግ ቦዩ ላይ ተኝቶ፣
ብስክሌቴ ድልድዩ ስር፣ ኮርቻው በውርጭ ነጥቶ፣
ካርዴን አስነክቼ ስገባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣
መብራቱ ቀድሞኝ ይነቃል፤ በሰዓት ነው የሚበራ።

ነጭ ናቸው፣ ዓይነ ቀይ፤ ጆሯቸው ላይ ነው ምልክቱ ሁሉ፤
ስም ያወጡለትን ነፍስ፣ መግደል ይከብዳል አሉ።
በቁጥር ነው የምንጠራ፤ እኔ ግን፣ ምን ይዋጠኝ፣
አስራ ሰባትን «አያ ሆዴ» ብዬ ጠራሁት፤ አመለጠኝ።

ሦስት ሳምንት፣ በቀን ሦስቴ፣ አፉን ይዤ በቀጭን ቱቦ፣
ወተት፣ ዘይትና ስኳር፣ ሆዱ ወረደ ተስቦ።
አልጠየቀ፣ አላኘከ፣ አንዲት ፍርፋሪ አልመረጠ፤
ጉርሻን ምላስ ያውቀዋል፤ ይህ ግን ምላስ ዘሎ ሰመጠ።

የቅድመ አያቱ ሥራ፣ የሰው ጎተራ መሰርሰር፣
ገብስ ካጃ ሳይለይ፣ በጨለማ መቦርቦር፤
እሱ ግን ሌባ መሆን ቀርቶ፣ ጎተራው ራሱ ሆነ፤
ከቆዳው ስር ተመረገ፣ ከወገቡ ላይ ተከደነ፤
አራት እግር ያለው ጎተራ፣ ጅራቱ የቀረ ውጪ።
«ስንት ሆነ?» ትላለች ሪንስኬ፤ «መዝግቢና ቁጥሩን አምጪ።»

ሰኞ ማታ ጾም ገባ። ቱቦው ታጥቦ ተሰቀለ፤
አርባ ስምንት ሰዓት ውሃ ብቻ፤ ሌላ ምንም የለ።
እኔም ሁዳዴ ላይ ነበርኩ፤ ለማንም አልተነፈስኩ፤
ሂልኮ አይብ ባለው ዳቦ ቢጋብዘኝ፣ «በላሁ» አልኩ።
የሱን ጾም ያወጀች እኔ፣ ንስሐ አባቱም እኔ፤
ኃጢአቱን ብትጠይቁኝ፣ ያጎረሰውም እጅ የኔ።

ከጎኑ ያሉት ቀጫጮች፣ ቱቦ ያላወቁ ጓዶች፣
በመጀመሪያው ሌሊት ነቁ፤ ሩጫ ያዙ እንደ እብዶች፤
ጎማው ሲሽከረከር አደረ፣ መድረሻ የሌለው መንገድ፤
ረሃብ እግር ያወጣል፤ «ተነሥ፣ ፈልግ» ይላል፣ «ሂድ!»
የደማቸው ስኳር ወረደ፣ ኢንሱሊኑ ተከተለ፤
ጉበታቸው ጮማ አንድዶ፣ ለአንጎል ኬቶን አበሰለ።

አያ ሆዴ ግን ተኛ። ጥግ ላይ፣ እንደ ወደቀ ጓንት፤
ጎማው ደጁ ቆሞ እያየው፣ አንድ ዙር አልሮጠባት።
ደሙን በቀዳሁ ቁጥር፣ ኢንሱሊን እንደ ዘበኛ፣
በጎተራው በር ቆሞ፣ «ዝግ ነው» ይላል፤ አይተኛ።
እህሉ ጣሪያ ነክቶ፣ ቁልፉ ከውስጥ ተረስቶ፣
ባለቤቱ ደጅ ያድራል፣ ከገዛ ሀብቱ ተገፍቶ።

«አይጥ ለሞቷ» ብለው ሲተርቱ፣ ድመት ነበረች ጥፋተኛ፤
እዚህ ድመት የለችም፤ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለን እኛ።

በሁለተኛው ሌሊት ተነሣ። ሆዱን እየጎተተ
ጎማው ጫፍ ደረሰ፤
አንድ እግሩን ጣል አደረገ፤
ጎማው ግማሽ ዞሮ
እግሩን መለሰለት።
ጻፍኩ፦ ግማሽ ዙር፣ ስምንት ሰዓት ከሃያ።
ለምን እንደሆነ የሚጻፍበት ዓምድ
ወረቀቱ ላይ የለም።

ጠዋት ሪንስኬ ጉበቱን፣ ሳህን ላይ አድርጋ አየችው፤
ቢጫ፣ እንደ በጋ ቅቤ፤ በጣቷ ነካ አደረገችው።
«ሁለት ቀን ጾሞ» አለች፣ «ካከማቸው ምኑንም አልበላ፤
ጡንቻውን ነው የጨረሰ፣ ጎተራው እንደ ሞላ።»
ጥሩ ውጤት ነው። ተደሰተች።
ሂልኮ ጎጆውን አጠበ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣሁ። ቦዩ ዳር፣ አንድ አግዳሚ፣
ደረቅ ዳቦ፣ ጥቂት ወይራ፤ እኔና አንድ ዳክዬ ታዳሚ።
እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ምላሴ ቁራሹን አወቀው፤
ቶሎ አልዋጥኩም። ዳክዬው አንገቱን አርዝሞ ጠበቀው።